በሩጫ መንገድ ላይ ከዱር እንስሳት ጋር መገናኘት፦ የቶንጎን አካባቢ ማሳያ ያደረገ ማብራሪያ

መግቢያ

ከመኪና መንገድ ወጥቶ በደን፣ በእርሻ ዳርና በኮረብታ ላይ በሚያልፉ ቀጫጭን የእግር መንገዶች መሮጥ በአሁኑ ጊዜ «ትሬይል ሩጫ» በሚል ስያሜ የሚታወቅ ራሱን የቻለ የስፖርት ዘርፍ ሆኗል። በኢትዮጵያ ድርጊቱ ከስያሜው እጅግ ይቀድማል። የአዲስ አበባ ሯጮች ጎሕ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ ደን ይወጣሉ፤ በሱሉልታና በሰንዳፋ ሜዳዎች እንዲሁም በአርሲዋ በቆጂ ዙሪያ የረጅም ርቀት አትሌቶች ልምምድ የሚያደርጉት በአብዛኛው በአፈርና በሣር ላይ ነው። በአቢያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ ስያሜ የሚታወቅ ውድድር ተካሂዷል።

ይህ ልማድ የዱር እንስሳት ከሰው ጋር በቅርበት ወደሚኖሩባቸው ቆላማ አካባቢዎች በሚዘልቅበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሯጭ በመንገዱ ላይ ከዱር እንስሳ ጋር በድንገት ሲገናኝ የሚገጥመው አደጋ ከእግረኛው አደጋ በምን ይለያል? ጥያቄው ለስፖርተኛው ብቻ የሚተው አይደለም። ለመስክ ሥራ ወጥተው ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ ተመራማሪዎችን፣ ተማሪዎቻቸውን የሚያሠለጥኑ መምህራንን እንዲሁም ከጉዳት በኋላ ሕክምና የሚሰጡ የጤና ባለሙያዎችን ሁሉ ይመለከታል። እንስሳቱንም ይመለከታል፤ አንድ ሰው በተጎዳ ማግሥት የበቀል እርምጃው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ጉዳቱን ባላደረሱት ላይ ጭምር ነውና።

ይህ ጽሑፍ አደጋው በዋነኛነት የሚወሰነው በእንስሳው ጨካኝነት ሳይሆን በርቀትና በጊዜ መሆኑን ያስረዳል። ከዚህ በመነሣትም፣ ከግንኙነቱ በፊት የሚደረጉ ውሳኔዎች በግንኙነቱ ወቅት ከሚወሰደው እርምጃ የበለጠ ክብደት እንዳላቸው ለማሳየት ይሞክራል።

የአካባቢው ገጽታ

ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአሶሳ በስተደቡብ የምትገኝ ሲሆን ወረዳው በአንድ በኩል ከሱዳን፣ በሌላ በኩል ከኦሮሚያ ክልል ጋር ይዋሰናል። የክልሉ የተፈጥሮ ዕፅዋት በአብዛኛው አባሎና ወይባ የሚበዙበት፣ በዛፎቹ መካከል ረጅም ሣር የሚበቅልበት የቆላ ደን ነው። የቆላ ቀርከሃ ወይም ሽመል በስፋት ከሚገኝባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች አንዱም ይኸው ክልል ነው።

የዝናቡ ወቅት በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን በግምት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ሊያድግ ይችላል፤ መንገዱ ግራና ቀኙ እንደ ግድግዳ የተከለለ ይሆናል። በበጋ ደግሞ ሣሩ ይደርቅና በየዓመቱ በሚነሣው እሳት ስለሚቃጠል መሬቱ ይገለጣል። በመሆኑም አንድ መንገድ በነሐሴና በጥር ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያህል ነው። በጥር ከሩቅ የሚታይ ከርከሮ በነሐሴ ከእግር ሥር ሊነሣ ይችላል።

በእንዲህ ያለው የቆላ ደንና በእርሻዎቹ ዳር ሰው ሊያገኛቸው ከሚችላቸው እንስሳት መካከል ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ከርከሮ፣ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ቀበሮ፣ ጅብና ልዩ ልዩ የእባብ ዝርያዎች ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሰው ኮቴ ሲሰሙ የሚርቁ ናቸው። ችግሩ የሚፈጠረው ለመራቅ የሚያስችላቸው ጊዜ ሲያጥር ነው።

ርቀትና ጊዜ

የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ሃይኒ ሄዲገር ከዱር እንስሳት ጠባይ ጋር በተያያዘ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን በሰፊው አስተዋውቀዋል። የመጀመሪያው «የሽሽት ርቀት» ነው፤ ይህም እንስሳው የሚቀርበውን ሰው ዐይቶ መሸሽ የሚጀምርበት ርቀት ነው። ሁለተኛው «ወሳኝ ርቀት» ሲሆን፣ እንስሳው የመሸሺያ ዕድል ሲያጣ ወይም ሰው እጅግ ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ለማጥቃት የሚነሣበት ርቀት ነው። በእነዚህ ሁለት ርቀቶች መካከል ያለው ክፍተት የሁለቱም ወገኖች የደኅንነት ቀጣና ነው ማለት ይቻላል።

ሯጭ ይህን ቀጣና በፍጥነቱ ያጠበዋል። ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ እግረኛ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ደግሞ 3.3 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመንገዱ መታጠፊያ የሚያሳየው 10 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ እግረኛው መታጠፊያው ላይ ያለው እንስሳ ዘንድ እስኪደርስ 7 ሰከንድ ገደማ ሲኖረው ሯጩ የሚኖረው 3 ሰከንድ ነው። በእነዚህ 3 ሰከንዶች ውስጥ እንስሳው መስማት፣ የመጣው ምን እንደሆነ መለየትና የሚሸሽበትን አቅጣጫ መምረጥ አለበት። ሯጩም ማየት፣ መለየትና መቆም ይጠበቅበታል። ከእነዚህ አንዱ ቢዘገይ ሰውየው የሽሽቱን ርቀት አልፎ በቀጥታ ወደ ወሳኙ ርቀት ሊገባ ይችላል።

ፍጥነት ብቻውን አይደለም። የሚሮጥ ሰው ብዙውን ጊዜ አያወራም፤ ዐይኑን የሚጥለው እግሩ በሚያርፍበት ላይ ነው፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ከሆነ ደግሞ የቅጠል ኮሽታ፣ የወፎች የማስጠንቀቂያ ድምፅ ወይም የዝንጀሮ ጩኸት አይሰማም። ሙቀትን ለመሸሽ የሚመረጡት የንጋትና የምሽት ሰዓቶችም ብዙ እንስሳት ለምግብና ለውኃ የሚንቀሳቀሱባቸው ሰዓቶች ናቸው።

ሦስት ዓይነት ምላሾች

ለሯጮች የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ድምፅ አሰማ» የሚል ነው። ምክሩ ጠቃሚ ቢሆንም ለሁሉም እንስሳት አይሠራም። ለተግባር እንዲያመች እንስሳቱን በዝርያቸው ሳይሆን ለሰው መቅረብ በሚሰጡት ምላሽ በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ የሚሸሹት ናቸው። ሚዳቋ፣ ድኩላና በአብዛኛው ከርከሮ እዚህ ይመደባሉ። ለእነዚህ ድምፅ ማሰማት ትክክለኛው መፍትሔ ነው፤ ቀድመው ከሰሙ ቀድመው ይሄዳሉ። አደጋ የሚያስከትሉት መውጫ ሲያጡ፣ ሲቆስሉ ወይም ግልገል ሲይዙ ነው። ስለዚህ ከርከሮ ያየ ሰው ቆሞ መውጫ መንገድ ሊተውለት ይገባል እንጂ ሊያሳድደው ወይም በእንስሳውና በጉድጓዱ መካከል ሊቆም አይገባም።

ሁለተኛዎቹ ባሉበት የሚቆዩት ናቸው። ዋናው ምሳሌ እፉኝት ነው። ፓፍ አደር በመባል የሚታወቀው በአፍሪካ በሰፊው የተሰራጨ እፉኝት የሚተማመነው ከመሬቱ ጋር በሚመሳሰለው ቀለሙና ያለ እንቅስቃሴ በመተኛቱ ላይ ነው፤ ኮቴ ሲሰማ ቦታውን አይለቅም። ስለዚህ የቱንም ያህል ድምፅ ቢሰማ መንገዱን ነጻ አያደርገውም። እዚህ የሚጠቅመው ዐይን ነው፦ በቂ ብርሃን፣ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ፣ የወደቀ ግንድን ወይም ድንጋይን ከመዝለል ይልቅ ረግጦ ማዶውን አይቶ መውረድ። እባብ ከታየ ቆሞ በቀስታ ወደኋላ ማፈግፈግና በሩቁ ዞሮ ማለፍ በቂ ነው።

ሦስተኛዎቹ የሚፈትኑት ናቸው። ከሰው ምግብ ማግኘት የለመደ ዝንጀሮና በጨለማ የሚንቀሳቀስ ጅብ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህ አይሸሹም፤ አይደበቁም፤ የሰውየውን ሁኔታ ይመረምራሉ። ዝንጀሮ ዐይኑን ትኩር ብሎ ማየትን እንደ ዛቻ ይወስደዋል፤ እርሱ ራሱ ሲዝት የዐይኑን ቆብ ያሳያል፣ አፉን ከፍቶ ክራንቻውን ያወጣል፣ መሬት በእጁ ይመታል። በእርሻ አካባቢ ማሽላና በቆሎ በሚያሸትበት ወቅት ገበሬዎች ዝንጀሮን ስለሚከላከሉ መንጋው ከሰው ይርቃል። ምግብ እየተወረወረለት ባደገበት ስፍራ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሯጭ በኪሱ የያዘውን ምግብ ከማሳየት፣ ፈገግ ብሎ ጥርሱን ከማሳየትና በመንጋው መካከል ሰንጥቆ ከማለፍ መቆጠብ ይኖርበታል።

ጅብን መሸሽ ለምን አይጠቅምም?

ጅብ በኢትዮጵያ ከፓርኮች ክልል ውጭ ከሰው ጎን የሚኖር ትልቅ ሥጋ በል እንስሳ ነው። በሐረር ለዘመናት ከከተማው ሰው ጋር የፈጠረው ግንኙነት በዓለም የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ደኖችም ሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ ከንጋት በፊት የሚሮጡ አትሌቶችም የእርሱን መኖር ታሳቢ አድርገው ይወጣሉ።

ሃንስ ክሩክ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ጅብ ጥንብ ለቃሚ ብቻ ነው የሚለውን አመለካከት የቀየረ ሥራ ነው። ጅብ በመንጋ ላይ ሮጦ ይገባና ቆም ብሎ ይመለከታል፤ የሚሸሹትን እየተከታተለ የደከመውን ወይም የሚያነክሰውን ይለያል። በሌላ አነጋገር የታዳኙ ሩጫ ለጅብ መረጃ ነው። ይህ ለሯጭ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጅብ አይቶ መሮጥ የጅቡን ጥያቄ መመለስ ይሆናል።

የፍጥነቱ ልዩነትም ተስፋ የሚሰጥ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2019 የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ጅብ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል፤ ታዳኙንም ለበርካታ ኪሎ ሜትሮች ሊያሳድድ ይችላል። ስለሆነም ትክክለኛው እርምጃ መቆም፣ ፊትን ወደ እንስሳው ማዞር፣ እጅን ከፍ አድርጎ ትልቅ መምሰል፣ በኃይል መጮህ፣ ድንጋይ ወይም በትር መያዝና ጀርባ ሳይሰጡ ቀስ እያሉ ማፈግፈግ ነው። ከጓደኛ ጋር ከሆኑ ተጠጋግቶ መቆም ይገባል።

ጅብ የት እንደሚገኝ የሚወስነው ነገር በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግደይ ይርጋና የሥራ ባልደረቦቻቸው በትግራይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ተመራማሪዎቹ በጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘውን የእንስሳት ፀጉር በመለየት ምግቡን ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ አነጻጽረዋል። ሰው ሥጋ በማይበላባቸው 55 ቀናት የእርድ ተረፈ ምርት ስለሚቀንስ ጅቦቹ ወደ አህያ አደን አዘንብለው ተገኝተዋል። ከዚህ የምንረዳው የጅብ እንቅስቃሴ ከቄራ፣ ከቆሻሻ መጣያና ከሃይማኖት የቀን መቁጠሪያ ጋር ሳይቀር የተያያዘ መሆኑን ነው። ቶንጎን በመሰሉና የተለያየ እምነት ተከታዮች አብረው በሚኖሩባቸው ከተሞች የእርድ ልማዱ የተለየ ስለሚሆን ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ ጥያቄው ግን እዚያም ይሠራል። ሯጩ መንገድ ከመምረጡ በፊት ጥንብና የእርድ ተረፈ ምርት የት እንደሚጣል ቢጠይቅ ስለ ጅብ ብዙ ዐወቀ ማለት ነው።

ከሌላው ዓለም ሦስት ገጠመኞች

በሌሎች አገሮች የተመዘገቡ የሯጮች ገጠመኞች ከላይ የተገለጸውን የርቀትና የጊዜ ጉዳይ ያጠናክራሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 4 ቀን 2019 በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ብቻውን የሚሮጥ ሰው ከኋላው ኮሽታ ሰምቶ ሲዞር ያልጎለመሰ ፑማ ዘሎ ያዘው፤ ታግሎ እንስሳውን ገደለው፤ ቆስሎም ተረፈ። ጆሮው ክፍት መሆኑ ፊቱን እንዲያዞር ጊዜ ሰጥቶታል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በዩታ ግዛት ሌላ ሯጭ በመንገዱ ላይ ግልገሎች አይቶ ለመቅረጽ ሲጠጋ እናቲቱ ፑማ ወጣች። ለ6 ደቂቃ ያህል እየዛተች ስትከተለው፣ ፊቱን ሳያዞር እየጮኸና ወደኋላ እያፈገፈገ ቆየ፤ በመጨረሻም ድንጋይ ሲወረውር ተመልሳ ሄደች። የእናቲቱ ዓላማ ማራቅ እንጂ ማደን አለመሆኑን ከሁኔታዋ መገመት ይቻላል።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 5 ቀን 2023 በሰሜን ጣሊያን ትሬንቲኖ የደረሰው ነው። አንድ የ26 ዓመት ወጣት በተራራ መንገድ ሲሮጥ በድብ ተገድሎ ተገኘ። በአካባቢው የነበሩት ድቦች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስሎቬኒያ በመጡ ጥቂት ድቦች አማካይነት ዳግም የተራቡ ነበሩ። ከአደጋው በኋላ ድቧ እንድትገደል ትእዛዝ ወጣ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የአንድ ሰው ሞት በመላው የጥበቃ መርሐ ግብር ላይ የሕዝብ ክርክር አስነሣ። ይህም በመንገድ ላይ የሚደርስ አንድ አደጋ ከሯጩ ሕይወት አልፎ የእንስሳቱን ዕጣ የሚወስን መሆኑን ያሳያል።

ሦስቱም ሯጮች ብቻቸውን ነበሩ። የኢትዮጵያ ሯጮች ልማድ በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ከኢትዮጵያውያን አትሌቶች ጋር 15 ወራት የሠለጠነው ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሩጫ በእነርሱ ዘንድ በቡድን የሚሠራ ሥራ ተደርጎ እንደሚታይ አስፍሯል። በቡድን መሮጥ ለአቋም መሻሻል የሚደረግ ቢሆንም ከዱር እንስሳት አንጻርም ያለው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ኮቴው ይጎላል፣ የሚያዩት ዐይኖች ይበዛሉ፣ አንዱ ቢጎዳ ሌላው እርዳታ ይጠራል።

ከግንኙነቱ በፊት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከአደጋ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ረፍዶበታል። በ3 ሰከንድ ውስጥ ትክክለኛ ውሳኔ መስጠት ለሠለጠነ ሰውም አስቸጋሪ ስለሆነ ዋናው ሥራ እነዚያን ሰከንዶች ማብዛት ነው። ለቶንጎና ለመሰል አካባቢዎች የሚከተሉት አምስት ውሳኔዎች ተግባራዊ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ሰዓት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ መነሣትና ሳትጠልቅ መመለስ የጅብንም የእፉኝትንም አደጋ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ወቅት። ሣሩ ባደገበት ጊዜ ሰው የሚበዛበትን ሰፊ መንገድ መምረጥ፣ ቀጫጭኑን መንገድ ለበጋ ማቆየት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ፍጥነት። በመታጠፊያ፣ በወንዝ መሻገሪያና በሽመል መካከል ሲያልፉ መራመድ ሩጫውን አይጎዳም፤ የሚታየውን ርቀት ከሚሮጡበት ፍጥነት ጋር ያመጣጥናል። አራተኛ፣ ጓደኛና ክፍት ጆሮ። አምስተኛ፣ የነዋሪው ዕውቀት። የማኦ፣ የኮሞ፣ የበርታና የኦሮሞ እረኞችና ገበሬዎች የትኛው ገደል የጅብ ዋሻ እንዳለው፣ መንጋው በየትኛው ወር በየት እንደሚወርድ ያውቃሉ። ይህን ሳይጠይቁ በሳተላይት ካርታ ብቻ መንገድ መቀየስ የጎደለ ዝግጅት ነው።

ጉዳት ከደረሰ

የእባብ ንክሻ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰዎችን ይገድላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መድቦታል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ በአብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከካላዛር ጎን ለጎን በእባብ የተነደፉ ሠራተኞችን ማከሙ፣ ችግሩ በምዕራቡ ቆላ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያመለክታል። የተነደፈ ሰው ሊሮጥ አይገባም፤ እንቅስቃሴ መርዙ በሰውነት ውስጥ በፍጥነት እንዲሰራጭ ያደርጋል። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ቀለበትና ጠባብ ጫማ ማውለቅ፣ ተሸክሞ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥና በገመድ ጠፍሮ ማሰር ጉዳትን ያባብሳሉ።

በጅብ፣ በቀበሮ፣ በዝንጀሮ ወይም በውሻ ለተነከሰ ሰው የሚያሠጋው ቁስሉ ብቻ ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በመንገድ ላይ ሯጭን የሚያባርረው እንስሳ ብዙውን ጊዜ የዱር ሳይሆን የከብት ወይም የቤት ጠባቂ ውሻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ በሰው ላይ የሚከሠተው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት ለመጀመር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ሕይወት ያድናል። የበሽታው ምልክት አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ለማለት ያስደፍራል። ስለዚህ ሩጫ ከመጀመሩ በፊት የፀረ መርዝ መድኃኒትና የክትባት አገልግሎት በቅርብ የት እንደሚገኝ ማጣራት የዝግጅቱ አካል ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው የሩጫ መንገድ አደጋ የሚመነጨው ሯጩና እንስሳው እርስ በርስ የሚተያዩበት ጊዜ ከማጠሩ ነው። የሚሸሸው እንስሳ ድምፅን፣ ባለበት የሚቆየው ዐይንን፣ የሚፈትነው ደግሞ መረጋጋትን ይጠይቃል፤ ለሦስቱም የጋራ የሆነው የመጀመሪያ እርምጃ መሮጥን ማቆም ነው።

ለተመራማሪዎች የሚተርፈው ሥራ ብዙ ነው። በማኦና ኮሞ የእግር መንገዶች ላይ በክረምትና በበጋ የሚታየውን ርቀት መለካት፣ እንስሳት ለሯጭና ለእግረኛ የሚያሳዩትን የሽሽት ርቀት ማነጻጸር፣ በጤና ተቋማት የሚመዘገቡ ንክሻዎችን ከወቅትና ከሰዓት ጋር ማገናኘት በአነስተኛ ወጪ ሊከናወኑ የሚችሉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ናቸው። ውጤታቸው የሚያገለግለው ለስፖርት የሚሮጠውን ብቻ አይደለም። በእነዚሁ መንገዶች በማለዳ ወደ ትምህርት ቤት የሚገሠግሠውን ሕፃንና ውኃ ለመቅዳት የምትወርደውን ሴትም ይጠብቃል።